ከእናቴ ክፍል ወደ እህቴ ክፍል

ዛሬ ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29 ነው፤ በዚህ አገር ኖቬምበር 8። እውነቱን ለመናገር፣ ከአራት ሰው በላይ ፊት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም። የእትዬ ዓለምጌጥ ልጅ ጋሼ ኢዛና «ስለ እናቴ አንቺ ተናገሪ» ሲሉኝ ሁለት ጊዜ እንቢ አልኩ። በሦስተኛው «ስምሽን የጠራችው ራሷ ናት» አሉኝ። እትዬ ዓለምጌጥን ደግሞ እንቢ ማለት አይቻልም። ሞተውም አይቻልም።

የተከበራችሁ አባቶቻችን ካህናት፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ከፕሌኖም ከአርሊንግተንም ሥራችሁን ትታችሁ የመጣችሁ ሁሉ፤ ልዩ እባላለሁ። የስርጉት ልጅ ነኝ። እናቴ ያቺ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የቆመችው ናት። ይህን ሁሉ እንድናገር ፈቅዳልኛለች። በመሃል ሳቅ ከመጣባችሁ አትያዙት። እትዬ ዓለም ሳቁን የሚያፍን ሰው አይወዱም ነበር።

የዛሬ አምስት ዓመት፣ ጁላይ ላይ፣ እናቴ እህቴን ናኦሚን አርግዛ ሳለች ኮሮና ያዛት። አባዬና እኔም ታመን ዩለስ ከተማ ባለው አፓርታማችን ተዘግተን ነበር። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ናኦሚ ወሯ ሳይሞላ ተወለደች። እናቴን ኦክስጅን አድርገው አንድ ክፍል አስተኟት። ናኦሚን በሌላ ክፍል፣ በመስታወት ሳጥን ውስጥ አደረጓት። በመካከላቸው ረጅም ኮሪደር ነበረ። እናቴ ልጇን አላየቻትም። አንድ ቀን። ሁለት ቀን። ሦስት ቀን።

ማን ይግባላት? አባዬ አይችልም። ዘመድ አይችልም። ቄስ አይችልም። ነርሶቹም ቶሎ ገብተው ቶሎ ይወጣሉ። እትዬ ዓለም ግን ገቡ። መወልወያቸውን ይዘው ገቡ።

እትዬ ዓለም በዚያ ሆስፒታል የጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። በዚያ ሰሞን ሰው አጥሮ ስለነበር የእናቴንም የናኦሚንም ክፍል የሚያጸዱት እሳቸው ነበሩ። እናቴ መጀመሪያ ያየችው ሰማያዊ ጋውን፣ ጓንት፣ ማስክና የፕላስቲክ መከለያ ነው። ሰው መሆናቸውን ያወቀችው ሲናገሩ ነው። በሩ ላይ ስሟን አንብበው ኖሮ፣

«ስርጉት! ያቺ ጮሃ ፎቁን የምታፈርሰው ያንቺ ናት?» አሏት፣ በአማርኛ።

«ታለቅሳለች?» አለች እናቴ።

«ማን? እሷ? ነርሶቹን ነው የምታስለቅሰው!»

እናቴ ልጇ የምታለቅስበት ትንፋሽ እንዳላት ያመነችው ያኔ ነው። በእንግሊዝኛ ነግረዋት ነበር። ግን አላመነችም ነበር።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ገቡ። ከእህቴ ክፍል ወደ እናቴ ክፍል ወሬ ይዘው ገቡ። «ዛሬ አዛጋች።» «ዛሬ ካልሲዋን አሽቀንጥራ ጣለች።» «ዛሬ ዶክተሯን በጣቷ ይዛ አልለቅም አለች፣ ሴትዮዋ ሌላ በሽተኛ አላት እኮ።» ይህ በሆስፒታሉ ደንብ ይፈቀድ አይፈቀድ አላውቅም። ዛሬ ግን ማንም ከሥራ ሊያባርራቸው ስለማይችል እናገራለሁ።

አንድ ቀን ደግሞ፣ «አፍንጫዋ ቁርጥ ያንቺ ነው» አሏት።

«እትዬ፣ አፍንጫዬን የት አዩት? ማስክ አድርጌያለሁ!»

«ማስኩ እንዴት እንደቆመ አላይም እንዴ?»

እናቴ ስትስቅ ማሽኑ መጮህ ጀመረ። ነርሷ ሮጣ መጣች። እትዬ ዓለም ምንም እንዳላደረገ ሰው ወለሉን ይወለውላሉ።

ቀልድ ያልነበረበትም ቀን ነበረ። የናኦሚ ምርመራ ሁለቴ ኮሮና አሳየ። የእንግዴ ልጁንም መርምረውት ነበር። ዶክተሯ ለእናቴ በአስተርጓሚ አስረዳቻት፤ ቫይረሱ ወደ ናኦሚ የደረሰው ከመወለዷ በፊት፣ ገና ማህፀን ውስጥ ሳለች መሆኑን፣ ይህ ብዙ ጊዜ እንደማያጋጥም፣ ልጅቷም ደህና እየሆነች እንደሆነ ነገረቻት። እናቴ ከዚያ ሁሉ የሰማችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «እኔ ሰጠኋት» የሚለውን።

እትዬ ዓለም ሲገቡ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። ምግቡ አልተነካም፤ ያ እንደ ሙጫ የሚንቀጠቀጠው ጣፋጭ፣ ጄሎውም፣ እንዳለ ነው።

«እኔ ነኝ የሰጠኋት» አለቻቸው።

እኔ ብሆን «አይደለሽም» እል ነበር። እናንተስ? ሁላችንም እንል ነበር። እሳቸው ግን መወልወያቸውን አስደገፉና እንዲህ አሏት፤

«አዎ፣ ባንቺ በኩል ነው የሄደው። ደሙስ በማን በኩል ሄደ? ምግቡስ? አየሩስ? ስምንት ወር ሙሉ ሁሉ ነገር የገባላት በዚያ መንገድ ነው። አንድ ሌባ በዚያው ሾልኮ ገባ ብለሽ መንገዱን ልትረግሚው ነው? መንገዱ ባይኖር እሷስ ትኖር ነበር? በይ አሁን ያንን አረንጓዴ ጄሎ ብዪ። እኔ ሲጣል እንጂ ሲበላ አይቼው አላውቅም።»

እናቴ በላች። በአሥራ አንደኛው ቀን ሁለቱም ቤት ገቡ። ናኦሚን መጀመሪያ ያየኋት በመኪናው መስኮት ነው። እየጮኸች ነበር።

ሰማንያ ቀን ሞልቷት ክርስትና ስትነሳ ግማሻችሁ የቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ላይ ነበራችሁ። ሁላችንም እንፈራ ነበር። ግን እህቴን ከሌላው ሕፃን ይበልጥ ፈሯት። «ሆድ ውስጥ እያለች ነው አሉ የያዛት፤ እንዲህ ያለው ይለቃል?» ሲባል እናቴ ሰምታለች። እትዬ ሰብለወርቅ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አዎ፣ ይሳቁ፣ ሁሉም እየሳቀ ነው። እትዬ ሰብለወርቅ አራት መኪና ርቀው ቆመው «እኔ ከዚሁ ነው የምመርቃት!» ይሉ ነበር።

እትዬ ዓለም ናኦሚን ታቅፈው ቀጥ ብለው ሄዱ። «ሰብለ፣ አንዴ ያዢልኝ፣ መኪናዬን ፓርክ ላድርግ።» መልስ ሳይጠብቁ ልጅቷን እትዬ ሰብለወርቅ እጅ ላይ አድርገው ሄዱ። አሥር ደቂቃ ሆነ። ሃያ ሆነ። አርባ ሆነ። መኪናቸው ከጠዋት ጀምሮ ፓርክ ተደርጓል! አየር ማቀዝቀዣውን ከፍተው፣ ውስጥ ቁጭ ብለው በመስታወት ያያሉ።

ሲመለሱ «አምጪያት» አሉ።

«ውይ፣ አትንኪብኝ! ተኝታለች!» አሉ እትዬ ሰብለወርቅ።

እንዲህ ነበሩ። ማንንም አልተቆጡም። ማንንም አላሳፈሩም። ልጅቷን አሳቀፉ፣ አበቃ።

የመጨረሻውን ልንገራችሁና ልውረድ። የዛሬ ሦስት ሳምንት ቤታችን መጡ። ናኦሚ ኪንደርጋርተን ገብታለች፤ «የተወለድኩበት ቀን» የሚል ፖስተር ሥሪ ተብላ ነበር። እናቴ ቀኑንና ኪሎዋን ብቻ ጽፋላታለች። እትዬ ዓለም መነጽራቸውን አድርገው አዩት።

«ሌላውስ?»

«ሌላው ምን ያደርግላታል፣ እትዬ?»

«ሌላውን ከሰው ብትሰማው ሐሜት ይሆንባታል። ከቤቷ ትስማው።»

እናቴ ፖስተሩን መጠቅለል ጀመረች። አምስት ዓመት ሙሉ በዚህ ነገር ዝም እንዳለች ነው። ናኦሚ አንድ ቀን «ለምን ሰጠሽኝ?» ትላታለች ብላ ትፈራለች። ያን ጊዜ እትዬ ዓለም ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ዝምተኛ፣ አንቺ ንገሪያት። ብዙ የማያወራ ሰው ሲናገር ይሰማል።»

«እሺ» አልኳቸው። አልነገርኳትም። ነገ እላለሁ፣ ነገ ይመጣል፣ ዝም እላለሁ። ማክሰኞ በእንቅልፋቸው ማረፋቸውን ሰማን።

አሁን ታሪኩን ሁላችሁም ሰማችሁ። ናኦሚ ብቻ አልሰማችም፤ ዛሬ ከአባዬ ጋር ቤት ቀርታለች። ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። እስከ ነገ ጠዋት ያዙልኝ። ከዚያ በኋላ ባገኛችኋት ቁጥር ንገሯት፣ አቅፋችሁ ንገሯት።

እትዬ ዓለም፣ ደህና ይሁኑ። ማንም በማይገባበት ጊዜ ገብተውልናል። እርስዎ በሄዱበት ደግሞ በሩ ወለል ብሎ ይጠብቅዎት። የሚወለወል ነገር ካለ ለሌላ ይተዉት። ይረፉ።

ነገ እሑድ ነው። እሑድ ጠዋት ናኦሚ አልጋዬ ላይ ትወጣለች። እናቴም አጠገባችን ትቀመጣለች፤ ዛሬ መኪና ውስጥ «እኔም እቀመጣለሁ፣ የረሳሽውን እሞላልሻለሁ» ብላኛለች። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ይሆናል። ቢንቀጠቀጥም አላቆምም። «ናኦሚ፣ ስትወለጂ ብቻሽን አልነበርሽም» ብዬ እጀምራለሁ።