ካርኒቫሉ እስኪያልፍ

ወደ ሆልምሊያ በሚሄደው ባቡር ውስጥ ሁለት የአገሬ ሴቶች ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ጥቁር ለብሳለች።

«ልጅሽ የአባቷን ሞት ሰማች?» አለቻት ጓደኛዋ።

«ኔይ፣ አልሰማችም። ቬኒስ እኮ ካርኒቫል ላይ ናት። ከዩኒቨርሲቲ ጓደኞቿ ጋር ጭምብል አድርጋ ስትጨፍር ነው የምትደውልልኝ።»

«ከተቀበረ አሥር ቀኑ አይደል እንዴ?»

«ታዲያ መርዶ በስልክ ይነገራል? ካርኒቫሉ ሲያልፍ፣ ሐሙስ ወንድሜ ቤቷ ሄዶ በማለዳ ይነግራታል።»

«አባዬን አገናኚኝ ስትልሽስ?»

«ተኝቷል እላታለሁ።»

«አሥር ቀን ሙሉ? እንደዚህ አገር ድብ ብርዱ እስኪያልፍ ተኛ በያታ!»

ሁለቱም ሳቁ። ጥቁር የለበሰችው ሳቋን ሳትጨርስ ዓይኗን ጠረገች።

«ትናንት ‹ለአባዬም ጭምብል ገዛሁለት› አለችኝ።»

«እህቴ፣ ዛሬውኑ ንገሪያት። ኋላ ትቀየምሻለች።»

«ትቀየመኝ። እስከ ሐሙስ ግን አባት አላት፤ ትጨፍር።»

እኔ ወንድሜ ከተቀበረ በኋላ ሳላውቅ የጨፈርኩባቸውን ቀናት በጣቴ እየቆጠርኩ መውረጃዬን አለፍኩት።