ባቄላውን ማን አጠማዘዘው?

በነሐሴ አጋማሽ ከንፋስ መውጫ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጭቃ ይዞት ቆመ። የቀረውን መንገድ በእግሬ ወደ አባቴ ቤት ስሄድ ቄስ እንየውን ከባቄላ ማሳቸው ዳር አገኘኋቸው። የደብራችን አገልጋይ፣ የሰፈራችንም ብርቱ ገበሬ ናቸው። መስቀላቸውን አሳለሙኝና ዐይናቸውን ከላዬ ሳይነቅሉ ቆሙ።

«አንቺ የካሳ ልጅ አይደለሽም? ያቺ እርሻ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄዳ የተማረችው?»

«ነኝ አባ። እንዴት ከረሙ?»

«ማን ላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም።»

«ከብርቄ ቤት አይደለም የመጣሽው?»

«አሁን ከመኪና መውረዴ ነው አባ።»

ወይዘሮ ብርቄ ከቄሱ ማሳ በታች በኩል የሚዋሰነው ማሳ ባለቤት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በሬ ስለሌላቸው መሬታቸውን የሚያርሱላቸው ቄስ እንየው ነበሩ።

ቄሱ ምርኩዛቸውን ወደ ባቄላው ቀሰሩ። ግንዱ እንደ ገመድ ተጠማዝዟል፤ ቅጠሉ ተጨማድዷል።

«ይኸው እይ! ስንዴዋን የአረም መድኃኒት ስትረጭ በዐይኔ አይቻታለሁ። ነፋስ ጠብቃ ነው ወደ እኔ የላከችው። ከሟች ባሏ ጋር በድንበር ተካሰን ነበር፤ ቂሟን አልረሳችም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አስገዝታታለሁ። ከእንግዲህ በሬዬ መሬቷን አይረግጥም።»

ደነገጥኩ። ግዝት የወደቀባትን ሴት ማን ያርስላታል? ለቅሶ ቢደርስባትስ ማን ይቆምላታል? በታላላቅ ሰዎች ፊት መናገር ይከብደኛል፤ ያን ዕለት ግን ዝም ብሎ ማለፉ የባሰ ከበደኝ።

«አባ፣ ማሳውን ዞር ዞር ብዬ ልየው?»

«ምስክር ልትሆኛት ነው?»

«ልየው ብቻ።»

ከኋላ ከኋላዬ ተከተሉኝ። በወይዘሮ ብርቄ ድንበር ያለው ባቄላ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ አበባውም አልረገፈም። ወደ ዳገቱ ስንወጣ ጉዳቱ እየባሰ ሄደ፤ ከላይኛው ጫፍ ያለውማ ጨርሶ ከጥቅም ውጭ ሆኗል።

«ነፋስ ያመጣው ቢሆን ኖሮ አባ፣ መጀመሪያ የሚጎዳው ድንበራቸው ላይ ያለው ነበር።»

ወደ ዳገቱ ቀና ብለው አዩ። «ከላይ ዞራ መጥታ ረጭታው ይሆናላ!»

«ወይዘሮ ብርቄ ከባዱን መርጫ ተሸክመው ዳገት ወጥተው?»

«ሰይጣን ያገዘው ሰው መቼ ዳገት ይደክመዋል!»

«እርስዎስ ባቄላውን ምን ረጭተውት ነበር?»

«ክሽክሽ የሚሉት ተባይ ወርሶት መድኃኒት ረጨሁት። አሁን ደግሞ እኔን ልትከሺኝ ነው?»

«ከየት ጀመሩ?»

«ከላይ» አሉና ፊታቸው ተለወጠ።

«በምን መርጫ?»

«በራሴ። ገብሴን የአረም መድኃኒት የረጨሁበት ነው። ምን አለበት?»

«በመካከሉ አጥበውት ነበር?»

ተቆጡ። «የት ልጠበው? ያለን ምንጭ ወደ ጸበሉ የሚወርደው ነው። በሽተኛ የሚጠመቅበትን ውኃ መርዝ ላጠጣው? ካህን ነኝ እኮ!»

ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። በሰፈራችን መርጫ ሳይታጠብ የሚከርመው በስንፍና አልነበረም፤ ለጸበሉ በተሰጠ ክብር ነው። ክብሩ ተገቢ ነው። ነገር ግን መርዙን ከምንጩ ያራቀ እጅ መልሶ በገዛ ማሳው ላይ አፈሰሰው።

«ምንጩን መጠበቅዎ መልካም ነው አባ። ግን ያ የአረም መድኃኒት ገብስን ትቶ ቅጠለ ሰፊውን የሚገድል ነው፤ ባቄላ ደግሞ ቅጠለ ሰፊ ነው። በመርጫው ውስጥ የቀረው ከተባዩ መድኃኒት ጋር ተቀላቅሎ ወረደ። የመጀመሪያው ሙሌት ላይኛውን አቃጠለ፤ እርስዎ እየሞሉ ሲወርዱ እየቀጠነ ሄደ፤ ድንበሩ ጋ ሲደርሱ አለቀ።»

«እና ውኃ ከሰማይ ላውርድ ኖሯል?»

«በጀሪካን ወደ ገብሱ ማሳ ይወስዱት ነበር። መርጫውን እዚያው በሳሙና ደጋግመው አጥበው፣ እጣቢውን በተረጨው ገብስ ላይ ቢያርከፈክፉት ምንጩን አይነካውም። ለባቄላው ግን ሌላ መርጫ መዋስ ይሻላል፤ ያኛው መድኃኒት በቀላሉ አይለቅም።»

«እሺ፣ ስናሩስ?» አሉ ዐይናቸውን አጥብበው። «መድኃኒት ከመጣ ወዲህ ገብሴን ስናር ወረሰው። ይኸስ የማን ተንኮል ነው?»

«ስናር አረም ቢሆንም የገብስና የስንዴ ዘመድ ነው፤ መልኩም ይመሳሰላል። ገብስን የሚምረው መድኃኒት ስናርንም ይምረዋል። በየዓመቱ በመድኃኒቱ ብቻ ስንተማመን ሌላው አረም ይጠፋል፤ ስናር ቦታውን ይይዛል። እሱን ፍሬ ሳያፈራ በወንፈል ተጋግዞ መንቀል ነው። ዘሩን አበጥሮ መዝራት፣ ገብሱንም በባቄላ ማፈራረቅ ይረዳል። መድኃኒት እጅ ለማይችለው ብቻ ይቆይ።»

ቄስ እንየው ከማሳው ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ምርኩዛቸውን ከጎናቸው አጋድመው «ለሰው ሁሉ ተናግሬባታለሁ እኮ፤ ስሟን አጠፋሁት» አሉ።

እሁድ ሊያስገዝቱ ባሰቡበት ዓውደ ምሕረት ቆሙና «ባቄላዬን ያጠፋሁት ራሴ ነኝ» አሉ። ስለ መርጫው አስረዱ፤ ምንጩ ሳይቆሽሽ፣ ባቄላ ሳይቃጠል፣ ጎረቤትም ሳይጣላ መሥራት እንደሚቻል አስተማሩ። ወይዘሮ ብርቄ ከሴቶቹ መካከል ቆመው ሰሙ።

በማግስቱ ቄሱ ወደ ወይዘሮ ብርቄ ማሳ ወረዱ። እኔም አብሬያቸው ነበርኩ።

«ብርቄ፣ መሬትሽን እንደ ወትሮው ላርስልሽ መጣሁ።»

«እርሻው ገና ነው አባ። ለመሆኑ ዛሬ የመጡት ሰው ስለሰማ ነው ወይስ ልብዎ ስለመለሰ?»

«ልቤ ነው።»

«እንግዲያው ስንዴዬን ስናር ይዞታል፤ ያርሙልኝ።»

ቄስ እንየው ጋቢያቸውን ከድንበሩ ላይ አስቀምጠው ጎንበስ አሉ። ወይዘሮ ብርቄ ግን የሚነቀለው ስናር ይሁን ስንዴ ለማየት እስከ ማሳው መጨረሻ ከኋላቸው አልራቁም።