ቅዳሜ ማን ይሄዳል?

ክቡር ርዕሰ መምህር አቶ ተሰማ፣ የተከበራችሁ መምህራንና የአስተዳደር ሠራተኞች፣ ክቡራትና ክቡራን፤

ዳቦውን ላስጋገራችሁ፣ ለስላሳውንም ላስመጣችሁ ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ። «ክቡራትና ክቡራን» ስላችሁ ግን ምላሴ ትንሽ ተያዘ። ግማሾቻችሁ እስከ ሰኔ ድረስ «ሥርጉት፣ ተነሺና ውጪ» ስትሉኝ ነው የከረማችሁት።

ሁለት ዓመት ጠዋት ተማሪ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛችሁ ሆኛለሁ። ጠዋት ከክፍል ያስወጣኝ መምህር ከሰዓት መጽሐፍ ሲዋስ እኔ ፊት ይፈርማል። እመኑኝ፣ አልተበቀልኩም። አንዳችሁን ብቻ «መታወቂያ ይዘዋል?» ብያለሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ አሁን ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ስለሆነ ራሳቸውን አጋልጠዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ እሄዳለሁ። ስለ ራሴ ይህ ይበቃል። የቀረውን ሰዓት ስለ አባዬ ልናገርበት። አዲስ ለገባችሁ፣ አባዬ ማለት እዚህ ግቢ ሃያ ስድስት ዓመት ሒሳብ አስተምሮ የዛሬ ሁለት ዓመት ያረፈው መምህር ሰይፈሥላሴ ነው።

አንድ ተማሪ ሦስት ቀን ከቀረ፣ አባዬ ቅዳሜ ቤቱ ድረስ ይሄዳል። ሊቆጣው አይደለም፤ ያመለጠውን ትምህርት ሊያስተምረው ነው። ሰሌዳ ስለሌለ የብረት በር ላይ በጠመኔ ይጽፋል። ክፍል ውስጥ ፕላዝማ የገባ ጊዜ ሁላችሁም ስትደነግጡ እሱ «ይሄ ቴሌቪዥን የቀረ ልጅ አይፈልግም፤ ሥራዬን አይወስድብኝም» ብሎ ነበር አሉ።

ታዲያ ብቻውን አይሄድም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሁለት ፈረቃ ስለሚያስተምር፣ ለቤተሰቡ የሚተርፈው ቀን ቅዳሜ ነው። ስለዚህ እማዬን፣ እኔንና ታናሽ ወንድሜን አሰልፎ ይወጣል። የቤተሰብ ሽርሽራችን ይኸው ነበር።

«ሰው ሚስቱን ሶደሬ ይወስዳል» አለችው እማዬ አንድ ቀን። «አንተ የሰው ልጅ ቤት ታዞረኛለህ።»

«ሶደሬ የቀረ ተማሪ ካለ ነገውኑ እንሄዳለን» አላት።

ወንድሜ አመነው። ክፍሉን ሁሉ እየዞረ «ሶደሬ ሄዶ የሚቀርልን ማነው?» እያለ ሲለምን ከረመ።

አንዴ ወደ ኮዬ ሄድን። ያኔ ሁሉም ማሳ ነበር። ሮሪሳ የሚባል ልጅ የእርሻ ወቅት ደርሶበት ቀርቷል። አባቱ ኦቦ ለሜሳ ሰላምታ ሰጡንና «እሱ ከተማረ በሬዎቹን ማን ይይዛል?» አሉ።

«እኔ» አለ አባዬ፤ ጫማውን አወለቀ።

ሮሪሳ ጥላ ሥር ተቀምጦ የቀጥተኛ መስመር እኩልታ ይሠራል፣ አባዬ ያርሳል። ዞር ብለን ስናይ ትልሙ ቀኝ ሄዶ፣ ግራ ሄዶ፣ ሊመለስም ያሰበ ይመስላል።

«መምህር» አሉ ኦቦ ለሜሳ፣ «ልጄን ቀጥታ መስመር የሚያስተምሩት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ የማውቀው የወረቀቱን ነው።»

ሮሪሳ ፈተናውን አለፈ። ትልሙ ግን አዝመራው እስኪታጨድ ድረስ የመንደሩ መሳቂያ ሆኖ ቆየ።

ግምገማውንስ ታስታውሳላችሁ? ጋሽ ተሰማ «ድክመትዎን ያውጡ» ሲሉት አባዬ «ጉልበቴ ነው፤ ዳገት ላይ ያመኛል» አለ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ጉልበታቸውን ለማረም ቃል ገብተዋል» ተብሎ ሰፍሯል። ፋይሉን አንብቤዋለሁ። አይቆጡኝ ጋሽ ተሰማ፣ ከእንግዲህ ሊያባርሩኝ ቢፈልጉስ የት ያገኙኛል?

አሁን የሚከብደውን ልናገር።

አባዬ ሲሞት ሁላችሁም መጣችሁ። ድንኳኑ ውስጥ ሦስት ቀን አልተለያችሁንም። የኬሚስትሪው መምህር ፈየራ ካርታ ሲጫወቱ ከወንድሜ ጋር ተጣልተው እንኳን አስቀውናል። ያንን ውለታ አልረሳም።

እኔ ግን ሁለት ሳምንት ከትምህርት ቀረሁ። በሁለተኛው ቅዳሜ በራችን ላይ ተቀመጥኩ። ሞኝነት ነው፤ ግን የቀረ ልጅ ቅዳሜ ሰው ይመጣለታል ብዬ ነው ያደግሁት። እስከ ሰባት ሰዓት ጠበቅሁ። ማንም አልመጣም። ያንን ሥራ የሚሠራው አንድ ሰው ብቻ እንደነበር፣ እሱንም እንደቀበርነው የገባኝ ያኔ ነው።

ሰኞ ተመለስኩ። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ የቀሪዎችን ስም ይዤ ወጣሁ። የመጀመሪያው ልጅ እናት በር ከፍተው «መምህሩስ?» አሉኝ። «እኔ ነኝ» ስላቸው ከኋላዬ ትልቅ ሰው ፈለጉ። ደግነቱ እማዬ ነበረች፤ ሳልጠራት ነጠላዋን አጣፍታ ተከትላኛለች። ሁለት ዓመት አንድም ቅዳሜ አላለፈንም።

የዚህ ሳምንት ቀሪ የዘጠነኛ ክፍሏ ትንቢት ናት። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። እናቷ ሆስፒታል ተኝተዋል፤ ታናናሾቿን የምትጠብቀው እሷ ናት። አንድ ሳምንት ሙሉ ቀርታለች። ሌላ አንድ ሳምንት ከጨመረች የምትመለስ አይመስለኝም። ቅዳሜ ደግሞ እኔ መንገድ ላይ ነኝ፣ እማዬም ልትሸኘኝ አብራኝ ትሄዳለች።

ቅዳሜ ማን ይሄዳል?

ሁላችሁም የለስላሳ ጠርሙስ ማንበብ ጀመራችሁ። ምን አዲስ ነገር ተጽፎበታል?

«ኮሚቴ ይቋቋም» ያሉት ማን ናቸው? ኮሚቴ አራተኛ ፎቅ ወጥቶ አያውቅም። ለትምህርት ቤታችን ኮሚቴ ደግሞ ምድር ቤቱም ሩቅ ነው።

እጠብቃለሁ። ዳቦው ያልተቆረሰው በአጋጣሚ እንዳይመስላችሁ፤ ቢላዋው እኔ ጋ ነው።

መምህር ፈየራ፣ እጅዎን አወጡ ወይስ ራስዎን እያከኩ ነው?

አወጡ። እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ያወረዱት ቢደክምዎ ነው ብዬ አልፋለሁ። ጸሐፊያችን ወይዘሮ አደሴም? እርስዎ ልጆቹን ከያዙላት ትንቢት አንድ ሰዓት ሙሉ ትማራለች። ጋሽ ተሰማ፣ እርስዎ ለቀጣዩ ቅዳሜ ተመዝግበዋል። አይ፣ ዝም ብለዋል፤ ዝም ያለ ተስማምቷል ብዬ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ።

እንግዲህ ጉልበታችሁን ያጽናላችሁ። ቤታችሁ ልጅና ሳቅ አይጥፋበት። ያስተማራችኋቸው ሁሉ በደረሱበት ስማችሁን በደግ ያንሱ። የትንቢትንም እናት እግዚአብሔር ይማራቸው። እኔንም በሰላም አድርሶ በሰላም ይመልሰኝ፤ እናንተንም በጤና ላግኛችሁ።

ዛሬውኑ ለትንቢት እደውልላታለሁ። «ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ሲንኳኳ ክፈቺ» እላታለሁ።