ሽንት ቤት ማስመጠጥ ለምን ረከሰ?

ይቺን ስሙኝማ። ወደ ሰመራ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። ከፊቴ ባለሆቴል ሰውዬ አለ፤ ሆቴሉ ያለበትን ከተማ አልናገርም፣ የከተማው ሰዎች ራሳቸው ያውቁታል። አጠገቡ አንዲት ሴትዮ ልጅ ታቅፋለች።

«ሽንት ቤት ማስመጠጥ ረከሰ እኮ! በግማሽ ዋጋ አስመጠጥኩ» አላት።

«ምን ተገኝቶ?»

«እኔ ምን አውቄ፤ ረከሰ፣ ተመስገን ነው።»

«ወንድሜ፣ ናፍጣ እየጨመረ እሱ እንዴት ይረክሳል?»

«ማዘጋጃ ቤት የፍሳሽ መድፊያው በር ላይ በየቦቴው ማስከፈል ጀመረ። አገልግሎቱን ለማሻሻል ነው አሉ። ሾፌሮቹ ደግሞ ነቄ ናቸው፤ እዚያ መሄዱን ተዉት።»

«ታዲያ የት ይደፉታል?»

«ከከተማው ጀርባ ቅርብ ገደል አለ አይደል። ክፍያ የለ፣ ናፍጣም አይፈጅ።»

«ከገደሉ ስርስ አዋሽ አይደል ያለው?»

«ቢኖርስ፣ እናቴ? ወንዝ ነው፤ ወደ ታች ይወስደዋል።»

«ታች ማን አለ?»

«በረሃ ነዋ!»

«እኔ አለሁ። ከታች፣ እዚያው ወንዝ ዳር፣ የአዳይቱ ሰው ነኝ። ወላሂ፣ የምንጠጣው ከዚያው ወንዝ ነው። ይሄ ልጅ ሆዱን ሲያመው ከርሞ፣ ሐኪም ቤት አሳይቼው እየመለስኩት ነው።»

ሰውዬው «እኔ የተጠየቅኩትን ከፍያለሁ» አለ።

«የመድፊያውንስ ማን ይክፈል? ይሄ?» ብላ ልጁን አሳየችው።

እኔም በሆዴ፦ እናንተ የማዘጋጃ ቤት ሰዎች፣ መድፊያው በር ላይ ገንዘብ ተቀባይ ስታስቀምጡ ገደሉ አፍ ላይ ማንን አቆማችሁ?