የስመኝ ሁለት ሱሪ

(አዳማ፣ የኪራይ ቤቶች ግቢ፤ ከሰዓት። ትርንጎ የታጠበ ልብስ ገመድ ላይ ታሰጣለች፤ ጎረቤቷ እትዬ አስካለ ደጃፋቸው ላይ ሽንኩርት ይልጣሉ።)

አስካለ፦ እምቢ ብትዪም ደግሜ እለምንሻለሁ። አንቺ ጎህ ሳይቀድ አትክልት ተራ ስለምትወጪ ስመኝ እኔ ጋ ትደር። አልጋዬ ሰፊ ነው፤ ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ የሚያንኮራፋበት የለም።

ትርንጎ፦ የዘጠኝ ዓመት ልጄን ቤቷ እያለ ጎረቤት ላሳድር? አያ ደሳለኝስ ምን ይለኛል?

አስካለ፦ ደባልሽ አይደል እንዴ? መቼ ነው አባወራ የሆነው?

ትርንጎ፦ ደባል ይበሉት እንጂ ያገሬ ልጅ ነው። እናቱና እናቴ ካንድ ምንጭ ነው የቀዱት። ኪራዩን ባይጋራኝ ይሄኔ ከነልጄ ጎዳና ነበርኩ። ስመኝንም ይወዳታል፤ ብስኩት ሳይዝላት ገብቶ አያውቅም።

አስካለ፦ ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት። ለእኔ አንድ ቀን እንኳ አላመጣልኝም፤ ጥርስ የላትም ብሎ ይሆን?

ትርንጎ፦ እርስዎ ይቀልዳሉ፤ የሰው ስም ማጥፋት ግን ቀልድ አይደለም። እኔም እኮ አልተኛሁም። ቆራሌው ከረሜላ ሰጣት ሲሉኝ በድንጋይ ነው ያባረርኩት።

አስካለ፦ መንገደኛውን ቆራሌ አባረርሽ። መጋረጃ ብቻ ለይቶት ለሚያድረው ግን፣ ሲጠራሽ አቤት፣ ሲልክሽ ወዴት በይ አልሻት። እምቢ ማለትን ታዲያ ከማን ትማር?

ትርንጎ፦ ባለጌ ላሳድጋት? አባት የላት፣ በዚያ ላይ ስድ ብትሆን ሰው ምን ይላል?

አስካለ፦ አባት እንደሌላትማ እሱም ያውቃል። ስንት ሰዓት እንደምትወጪ ያውቃል። ቸግሮሽ እንደማታስወጪውም ያውቃል። እንዲህ ያለ ሰው ቤት ሲመርጥ ግድግዳውን አያይም።

ትርንጎ፦ ጥፋት ካለበት ለዕድሩ ሽማግሌዎች እነግራለሁ።

አስካለ፦ የወፍጮ ቤቱን ልጅ ጉዳይ እንደያዙት ሊይዙልሽ? በግ ታረደ፣ ነውር የሠራባት ሰውዬ ማሩኝ አለ፣ አባትየው ማረ። ልጅቷን የጠየቃት የለም። ሽማግሌ ለድንበር ጠብ ነው ልጄ፤ ለዚህስ ፖሊስ ጣቢያ አለ።

ትርንጎ፦ ኧረ ምን አይተው ነው ጣቢያ የሚሉኝ?

አስካለ፦ ያየሁትንማ አንቺ ራስሽ እያሰጣሽው ነው። ያ ሱሪ የማን ነው?

ትርንጎ፦ የስመኝ።

አስካለ፦ ከጎኑ ያለውስ?

ትርንጎ፦ እሱም የሷ ነው። ሁለቱን ደርባ፣ በላዩ ቀበቶ አጥብቃ ነው የምትተኛው። ይበርደኛል ትላለች።

አስካለ፦ ባዳማ? በሚያዝያ? እኔን በነጠላ እንኳ ላብ ያጠምቀኛል።

ትርንጎ፦ ልጅ ናት፤ ልጅ ደግሞ...

አስካለ፦ ትርንጎ? ምነው ልብሱን መሬት ጣልሽው?

ትርንጎ፦ እኔም አጎቴ ቤት ሳለሁ ይበርደኝ ነበር።

አስካለ፦ ወይኔ ልጄን። ለእናትሽ አልነገርሻትም?

ትርንጎ፦ በረደኝ ብዬ ላክሁባት። ብርድ ልብስ ሰደደችልኝ።

አስካለ፦ ነይ እስቲ፣ እዚህ ተቀመጪ።

ትርንጎ፦ አልቀመጥም። ሽንኩርቱን ይተዉትና ይነሱ እትዬ፤ ስመኝን ከትምህርት ቤት በር ላይ እንቀበላት። ጣቢያው በየት በኩል ነው?