በማን ወጣች?

የልብስ ሰፊዋ እህት ባል የሴት ልጁን የትምህርት ቤት ቀሚስ ሊወስድ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ልብስ ሰፊዋ ወንበር አሳየችውና ጎረቤቷን መለካቷን ቀጠለች። ጠዋት በሰፈሩ ሰው መሃል «ልጄ በኔ ወጣች፤ አያችሁ እንዴት እንደተመዘዘች!» ሲል ሰምታዋለች። ሆዷ አርሯል፤ አንደበቷ ግን ማር ነበር።

«ይሄ ሙቀት ጨረሰን አይደል እትዬ? እስቲ እጅዎን ዘርጋ ያድርጉልኝ... ወፈር ብለዋል ልበል? ይመችዎት! የልጅ ልጆችዎስ አደጉ? ልጅ ሲያድግ ማየት ደስ ይላል። ይኸው እኔም ዛሬ የአንዲት ሕፃን ቀሚስ ለማስረዘም ጫፉን ስፈታ ዋልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያንኑ ቀሚስ ለብሳ፣ ጨርቁ አለቀ እንጂ አላጠራትም ነበር እኮ!

«አባቷን ቢያዩት! አንድ የማውቀው ሰው ነው... ቁመና ማለት እሱ ነው። በር ሲገባ አንገቱን ይደፋል። ለሌላ ነገር ግን ደፍቶ አያውቅም፤ ኩሩ ነዋ! አዋቂነቱስ? ልጅቷ እድገቷ ቀጥ ሲል፣ በጠራራ ፀሐይ ሹራብ አልብሱኝ ስትል፣ ክፍል ውስጥ ስታንቀላፋ፣ እሱ ሳያስመረምራት በዓይኑ ብቻ ደረሰበት። ‹በእናቷ ወጥታ ነው፤ የድንክ ዘር!› አለ። እንዲህ ያለ ሰው ቤት ተቀምጦ ሐኪም ምን ይሠራል?»

ጎረቤቷ ወደ በሩ ሰረቅ አድርጋ አየች። ሰውዬው ስልኩን አውጥቶ መነካካት ጀመረ።

«እናትየው ግን አጭር ናት፤ ምን ታውቃለች? ‹ገበያ ደርሼ ልምጣ› ብላ ልጅቷን ሐኪም ቤት ይዛት ሄደች። ሐኪሟ ምን ብትል ጥሩ ነው? ‹አጭር ልጅ ሁሉ ታማሚ አይደለም። በዘር የሚያጥር አለ፣ ዘግይቶ የሚመዘዝ አለ፣ ምግብ ጎድሎት የሚቀጭጭ አለ። ሲያድግ የነበረ ልጅ ቀጥ ሲል ግን ቶሎ አምጡት።› ደሟ ሲመረመር፣ ለካ አንገቷ ላይ ያለው፣ እድገትን የሚያዝዘው ዕጢ ሰንፎ ኖሯል! በየጠዋቱ አንድ ክኒን... ይኸው ቀሚሱ ከጉልበቷ በላይ ሆነ። ‹በኔ ወጣች› ይላል አሉ አባት። ታዲያ ውሸቱን ነው? ክኒኑ በሱ ወጥቶ ይሆናላ!

«‹ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ያመለጣትን ሁሉ እናካክስላት ነበር፤ አሁን የተወሰነው እንደቀረ ይቀራል› ሐኪሟ ማለቷን ግን... ማን ይንገረው? ደስ ብሎታል እኮ፣ ምን አስቸኮለን?»

የስልኩ መብራት ጠፋ፤ ሰውዬው ግን ዓይኑን አላነሳም። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አደረገች፤ ቀሚሱን አጣጥፋ በሁለት እጇ ሰጠችው። ተቀበላት እንጂ መሄድ አቃተው። እሷ ፊቷን ወደ ጎረቤቷ መለሰች።

«ብቻ ደግ ሰው ነው እትዬ፤ አብረውኝ ይመርቁት። ዕድሜውን እንደ ቁመቱ ያርዝምለት። ልጅቷ አድጋ፣ ተምራ፣ ጎኑ ቁጭ ብላ፣ ‹አባብዬ፣ ያኔ ለምን ሐኪም ቤት አልወሰድከኝም?› ብላ በፍቅር የምትጠይቀውን ቀን ሳያይ አይሙት... አሜን አይሉም?»