ከእኔ በኋላ አልጋው ላይ ማን ይተኛል?

ክቡር ርዕሰ መምህር፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፤ አዳራሹን እንዲህ አሳምራችሁ ስለጠበቃችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ። ጥበቃችን ወንበር ሲሸከሙ አይቼ፣ "ይሄ ሁሉ ለማን ነው?" ብላቸው፣ "ለአንዲት በሽተኛ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

እኔ በዚህ መዋዕለ ሕፃናት ዕድሜዬን የፈጀሁት ተኝቼ ነው። ምነው ሳቃችሁ? ስለ ድሮ አስታማሚዎች ማስተማር ስጀምር፣ ልጆቹ ሥዕሉን እያዩ ያዛጉብኝ ነበር። ስለዚህ በሽተኛ ሆንኩላቸው። ክፍሉ ውስጥ ባስገባሁት የብረት አልጋ ላይ እጋደማለሁ፤ እነሱ ነጭ ሻሽ አስረው እንደ ድሮዎቹ ያስታምሙኛል። መጀመሪያ እጃቸውን ይታጠባሉ። መስኮት ይከፍታሉ፣ ግንባሬ ላይ እርጥብ ጨርቅ ያደርጋሉ፤ ከዚያ "እትዬ፣ የት ጋ ነው የሚያምሽ?" ይሉኛል። ናናና ዝንጅብል አፍንጫዬ ሥር ያመጡልኛል። ማሽተት እንጂ መቅመስ ግን የለም፤ ሳይጠይቁማ ጭራሽ! የድሮ ሰው ቅጠል እንደሚያድን ሁሉ ይገድልም እንደነበር ሳልነግራቸው የዋልኩበት ቀን የለም።

ርዕሰ መምህራችን ግን አላመኑኝም። "እትዬ፣ እነዚህ ልጆች አንድ ቀን ቅጠል በልተው ጉድ ይሠሩናል፤ ክፍሉ ይዘጋ" አሉ። ሊዘጉት መጡ። መጥተው ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ለማሽተት ካስቀመጥናቸው ቅጠሎች መካከል ሬቱን ቆረጥ አድርገው ወደ አፋቸው!

"ኧረ! ጠይቀዋል?" ብሎ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ጮኸ። አንዲት ሚጢጢ እጃቸውን ይዛ እየጎተተች ወደ መታጠቢያው ወሰደቻቸው። ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያን ቀን ፊትዎ ከሬቱ የባሰ ነበር። ክፍሉ ግን አልተዘጋም። እኔ አፌን ሳልከፍት ልጆቼ ተሟገቱልኝ፤ ብኮራ ይፈረድብኛል?

ጡረታዬ ሲደርስ ግን አንድ ሐሳብ እንቅልፍ ነሳኝ። ከእኔ በኋላ ማን ይተኛል? በሽተኛ ከሌለ ትምህርቱም የለም። አንዱን ብለምነው "ወገቤን ያመኛል" አለኝ። ታዲያ የሚፈለገው በሽተኛ አይደል እንዴ! አንዷ ደግሞ "ፀጉሬ ይበላሻል" አለች። ስም አልጠራም፤ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ትናንት፣ በቃ አልጋው ዕቃ ቤት ሊገባ ነው ብዬ አለቀስኩ።

ዛሬ ጠዋት ሻሾቹን ልሰበስብ ወደ ክፍሉ ገባሁ። ርዕሰ መምህሩ ጫማቸውን አውልቀው አልጋው ላይ ተጋድመዋል። ያ ረጅም እግራቸው ተርፎ ተንጠልጥሏል! ልጆቹ ከበዋቸዋል።

"የት ጋ ነው የሚያምዎ?"

 ደረታቸውን እያሳዩ፣ "እትዬ ሊሄዱብን ነው፤ እዚህ ጋ" አሉ።

አንዷ ትንሽዬ እርጥቡን ጨርቅ ከግንባራቸው አነሳችና ደረታቸው ላይ አደረገችው።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፤ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። ልጆቻችሁ ለወግ ለማዕረግ ይብቁላችሁ። በታመማችሁ ጊዜ እጁን ታጥቦ፣ መስኮት ከፍቶ፣ "የት ጋ ነው?" የሚላችሁ ሰው አያሳጣችሁ። አልጋው ተረኛ አግኝቷል፤ በሽተኛዋም ድና ተነሥታለች። ደህና ሁኑልኝ።